ጉድጓድ ከነካ በኋላ የሚንቀጠቀጥ መሪ፦ የመስክ ፒክአፕ መኪና ምርመራና የኃላፊዎች ድርሻ

(ለእርዳታ ሥራ ኃላፊዎችና ለመስክ ሠራተኞች የተዘጋጀ ንግግር ሙሉ ቃል)




ድርቅ በደረሰበት አካባቢ ስለሚሰጥ እርዳታ ሲነገር በቅድሚያ የሚነሣው የእህሉ መጠን፣ የተረጂው ቁጥርና የመጋዘኑ ይዞታ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እህሉ ከመጋዘን ወጥቶ ከተረጂው እጅ እስኪደርስ ድረስ በመካከሉ መንገድ አለ፤ በመንገዱ ላይ ተሽከርካሪ አለ፤ በተሽከርካሪውም ውስጥ መሪ የጨበጠ ሰው አለ። የዚህ ንግግር ርዕስ ያ ሰው በእጁ የሚሰማው አንድ ምልክት፣ ይኸውም የፒክአፕ መኪና መሪ ጉድጓድ ወይም ጉብታ ከነካ በኋላ የሚያሳየው መንቀጥቀጥ ነው።

ርዕሱ ለጋራዥ እንጂ ለኃላፊዎች ስብሰባ አይሆንም የሚል አስተያየት ሊኖር ይችላል። ያለፈው ልምድ የሚያስተምረው ግን ሌላ ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ በደረሰው ረሃብ፣ በ1977 ዓ.ም. እህል ከአሰብና ከምጽዋ ወደቦች ወደ ሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በተጓጓዘበት ጊዜ፣ በዚያው ዓመት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ የተነሡ፣ ብዙዎቹም ያለ ፈቃዳቸው የተነሡ ሰዎች ወደ መተከል፣ ወደ አሶሳና ወደ ጋምቤላ በተወሰዱበት ወቅት፣ እንዲሁም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ ክልል አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ በከሸፉበት ዘመን ትልቁን ጭነት የተሸከመው የጭነት መኪና ነበር። ከጭነት መኪናው ቀድሞ የሚሄደው ግን አነስተኛው የመስክ መኪና ነው። መንገዱን የሚያየው፣ መዝጋቢውን፣ ሐኪሙንና የክትባቱን ሣጥን የሚያደርሰው፣ የታመመውንም ወደ ጤና ጣቢያ የሚመልሰው እርሱ ነው። እርሱ ሲቆም የዕደላው ሥራ ይዘገያል፤ እርሱ ሲገለበጥ ደግሞ ሰው ይሞታል።

አንድ የተለመደ ሁኔታ በምሳሌነት ይወሰድ። ሾፌሩ ማታ ከዕደላ ጣቢያ ተመልሶ ቁልፉን ለቢሮው ኃላፊ ሲያስረክብ፣ «ጋሼ፣ ይህ መኪና ጉድጓድ ከነካ በኋላ መሪው አልያዝ ብሎኛል፤ ካላበረድኩት በቀር አይተወኝም» ይላል። ኃላፊውም የቀን መቁጠሪያውን ተመልክቶ፣ «ዕደላው የቀረው ሦስት ቀን ነው፤ እስከዚያ ቀስ እያልክ ንዳው» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ክፉ አላሰቡም። ሾፌሩ ያየውን ተናግሯል፤ ኃላፊውም የሚጠብቀውን ሕዝብ አስቧል። ይሁን እንጂ በዚያች አጭር ንግግር ውስጥ የሰው ሕይወት የሚነካ ውሳኔ ተሰጥቷል። ውሳኔው ትክክል መሆን አለመሆኑን ለማወቅ መንቀጥቀጡ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣና እንዴት እንደሚመረመር ማወቅ ያስፈልጋል።

ምልክቶችን ስለ መለየት

በሾፌሮች ዘንድ «መሪው ይመታል» ወይም «መሪው ይንቀጠቀጣል» ተብሎ የሚገለጸው ነገር አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ቢያንስ አራት የተለያዩ ምልክቶች በዚህ አንድ ቃል ይጠራሉ።

አንደኛው፣ በደህና አስፋልት ላይ ምንም ሳይነካ በተወሰነ ፍጥነት የሚጀምርና ፍጥነቱ ከዚያ ሲያልፍ ወይም ሲቀንስ የሚጠፋ መለስተኛ መንቀጥቀጥ ነው። ይህ አብዛኛውን ጊዜ ከጎማ ሚዛን መዛባት ወይም ከቸርኬ መጣመም የሚመጣ ነው። ሁለተኛው፣ ፍሬን በተያዘ ጊዜ ብቻ የሚታይ ነው፤ ይህም በቅድሚያ ወደ ፍሬኑ ዲስክ ወይም ከበሮ ያመለክታል። ሦስተኛው፣ ጎማው ድንጋይ በነካ ቁጥር መሪው እጅን አንድ ጊዜ መትቶ የሚተወው ነው። በወጣ ገባ መንገድ ላይ ይህ በመጠኑ የሚጠበቅ ሲሆን፣ ከቀድሞው ብሶ ከተገኘ ግን መመርመር አለበት።

አራተኛውና የዚህ ንግግር ዋና ጉዳይ የሆነው፣ አንደኛው የፊት ጎማ ከጉድጓድ ወይም ከድልድይ ጫፍ ጋር ከተጋጨ በኋላ የመኪናው የፊት ክፍል በሙሉ ግራና ቀኝ መርገብገብ ሲጀምርና ጉድጓዱ ካለፈም በኋላ አልቆምም ሲል ነው። ብዙውን ጊዜ በሰዓት ከ60 እስከ 90 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ይነሣል፤ መኪናው በደንብ እስኪበርድ ድረስም አይለቅም። ይህን አንድ ጊዜ የቀመሰ ሾፌር አይረሳውም።

ስለ መነሻው

ይህ ዓይነቱ መንቀጥቀጥ ይበልጥ የሚታየው ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ወጥ አክስል በተያያዙባቸው መኪኖች ላይ ነው። በመስክ ሥራ በብዛት የሚታየው ባለ 70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው በዚህ ዓይነት አክስል ነው፤ ፒክአፑ እስከ 1999 እ.ኤ.አ. ድረስ ከፊት በባሌስትራ፣ ከዚያ ወዲህ በሞላ ላይ ይቀመጣል። ወጥ አክስል ጠንካራና ለጥገና ቀላል በመሆኑ ለከባድ መንገድ ይመረጣል። ስለሆነም መንቀጥቀጡን የአሠራሩ ጉድለት አድርጎ መውሰድ አይገባም፤ አሠራሩ የሚጠይቀው ክትትል ሲጓደል የሚመጣ ነው።

መነሻውን ለመረዳት በጠረጴዛ ላይ የሚንከባለል ሳንቲምን ማሰብ ይበቃል። ሳንቲሙ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ፊቱን ወደዚያው ወገን ያዞራል። የሚሽከረከር የመኪና ጎማም ጠባዩ ይኸው ነው። አንደኛው ጎማ ጉብታ ሲወጣ አክስሉ ያዘነብላል፤ አክስሉ ሲያዘነብል ጎማዎቹ ወደ ጎን መታጠፍ ይፈልጋሉ፤ ሲታጠፉ ደግሞ አክስሉን መልሰው ያዘነብሉታል። መጋጠሚያዎቹ ሁሉ የጠበቁ ከሆኑ ይህ ውዝዋዜ በአንድና በሁለት ምልልስ ይሞታል። አንዱ ወይም ሁለቱ ከላሉ ግን፣ ልክ ዥዋዥዌ በየመመለሻው ሲገፋ እየጨመረ እንደሚሄድ፣ እያንዳንዱ ውዝዋዜ የሚቀጥለውን ይመግበዋል። ጉልበቱን የሚያገኘው ከመኪናው ከራሱ ጉዞ ስለሆነ መኪናው እስኪበርድ ድረስ አይደክምም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1925 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ብሩዬ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በዚሁ ጉዳይ ላይ ጥናት አቅርቦ ነበር። በእንግሊዝኛ የተሰጠው «ሺሚ» የሚል ስምም የተወሰደው በዚያ ዘመን ታዋቂ ከነበረና እንደ እስክስታ ትከሻ ከሚያርገበግብ የአሜሪካ ጭፈራ ነው። በ1930ዎቹ የቤት መኪና ሠሪዎች እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበትን አሠራር እንዲይዙ ካደረጓቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው መንቀጥቀጥ ነበር። በዚህ አሠራር በተሠሩ ፒክአፖች ላይ አራተኛው ዓይነት መንቀጥቀጥ እምብዛም አይታይም፤ ከጉድጓድ በኋላ ከተንቀጠቀጡ ግን ጎማውን፣ የክንዶቹን ጎማ ቦኮላዎችና የኳስ መጋጠሚያዎቹን መመልከት ያስፈልጋል።

ስለ ሾፌሩ ቃል

ምርመራው የሚጀምረው ከመኪናው ሥር ሳይሆን ከሾፌሩ አፍ ነው። መኪናው ጋራዥ ውስጥ ቆሞ አይንቀጠቀጥም፤ መካኒኩም በከተማ አስፋልት ላይ ዞር ዞር አድርጎት «ምንም የለውም» ብሎ ሊመልሰው ይችላል። ምልክቱን ያየው ምስክር ሾፌሩ ብቻ ነው። ስለዚህም ቃሉ ተጽፎ ከመኪናው ጋር ወደ ጋራዥ መሄድ አለበት።

ሊጠየቅ የሚገባው ይህ ነው። በስንት ፍጥነት ጀመረ? ምን ከነካ በኋላ? በግራ ጎማ ወይስ በቀኝ? በራሱ ቆመ ወይስ ካበረዱት በኋላ? መኪናው ባዶ ነበር ወይስ ጭነት ነበረው? በፍሬን ጊዜ ይብሳል? ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ከመጀመሩ በፊት በመኪናው ላይ ምን ተሠርቶ ነበር? ጎማ ከተቀየረ በኋላ የጀመረ መንቀጥቀጥ ወደ ጎማው፣ የፊት ኩሽኔታ ከተፈታ በኋላ የጀመረ ወደ ኩሽኔታው፣ በአንድ ከባድ ምት ማግስት የጀመረ ደግሞ ወደተጣመመ ቸርኬ ወይም ዘንግ ያመለክታል። ቀስ በቀስ በወራት ውስጥ የባሰ ከሆነ የብዙ መጋጠሚያዎች መላላት ድምር ሊሆን ይችላል።

በመንገድ ላይ ሲከሰት

ምርመራው ከመደረጉ በፊት መንቀጥቀጡ በጉዞ ላይ ቢነሣ ሾፌሩ ማድረግ የሚገባው ጥቂት ነገር ነው። እግሩን ከነዳጅ መስጫው ያነሣል፤ መሪውን በሁለት እጁ አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን ውዝዋዜውን በተቃራኒ እየመለሰ አይታገለውም፤ ፍሬን በድንገት አይረግጥም። መኪናው መስመሩን ይዞ እንዲበርድ ካደረገ በኋላ ዳር ይዞ ይቆማል። ከቆመም በኋላ ቢያንስ የጎማ ዳዶዎችን፣ የጎማዎቹን ነፋስና ከፊት አክስሉ ጋር የተያያዙትን ዘንጎች ሳያይ መነሣት የለበትም። ከኋላ የተቀመጠ ሰው ካለ ወርዶ ይጠብቃል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ገንዘብ ከማያስወጣው ወደሚያስወጣው መሄድ አለበት። ከዚህ በታች የተዘረዘረው አብዛኛው ክፍል በመስክ ጣቢያ፣ በአንድ ክሪክና በሁለት ሰዎች ሊሠራ የሚችል ነው።

1. ጎማና ቸርኬ። የጎማው ነፋስ መኪናው ሳይሞቅ፣ በጠዋት ይለካል። የፊተኞቹ እርስ በርሳቸው እኩል መሆናቸውና ከመኪናው መመሪያ ጋር መስማማታቸው ይታያል። ጎማው በእጅ እየተዳሰሰ ዙሪያውን ይመረመራል፤ ያበጠ ወይም የጎበጠ ቦታ ካለ በውስጡ ያለው ሽቦ ተላቅቋል ማለት ነውና ጎማው ይወገዳል። የጎማው ዳዶዎች ይጠብቃሉ፤ የቸርኬው ቀዳዳዎች ሞላላ ከሆኑ ቸርኬው ይቀየራል።

በዝናብ ወቅት ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም በቸርኬው ውስጠኛ ጎን ተጋግሮ የሚደርቅ ጭቃ ነው። በጥቁር መረሬ አፈር ላይ ያደረ መኪና ይህን ይዞ ይነሣል። 100 ግራም የምትመዝን ጭቃ በቸርኬው ጠርዝ ላይ ተጣብቃ መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ ጎማውን ከ6 ኪሎ ግራም በላይ በሆነ ኃይል በሰከንድ 9 ጊዜ ያህል ትጎትተዋለች። ስለዚህ ማንኛውም መፍቻ ከመነሣቱ በፊት ጎማዎቹ በውስጥ በኩል በውኃና በእንጨት ይጸዱ። ከዚያም የፊትና የኋላ ጎማዎች ቦታ ተለዋውጠው መኪናው ይሞከር። መንቀጥቀጡ ከተለወጠ ጥፋቱ ከጎማው ጋር ተጉዟል ማለት ነው።

2. የዘንጎች መጋጠሚያ። መኪናው ጎማዎቹ መሬት እንደረገጡ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞና ከኋላ ጎማ ሥር ድንጋይ ተደግፎ ይቆማል። አንድ ሰው መሪውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በትንሹ፣ ደጋግሞ ያንቀሳቅሳል። መሪው በዘይት ኃይል የሚታገዝ ከሆነ ሞተሩ ይነሣል። ሌላው ሰው ከፊት አክስሉ አጠገብ ሆኖ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ እጁን እያሳረፈ ይከታተላል። አንዱ ብረት ተንቀሳቅሶ ተከታዩ ዘግይቶ ሲንቀሳቀስ እጅ ያውቀዋል። በዚህ ዓይነት ከመሪ ሣጥኑ ጀምሮ፣ ሣጥኑ ከሻንሲው ጋር የታሰረባቸው ቡሎኖች፣ ከሣጥኑ የሚወጣው ክንድ፣ ክንዱን ከአንጓው የሚያያይዘው ዘንግ፣ ሁለቱን ጎማዎች የሚያያይዘው ረጅም ዘንግና የየጫፎቻቸው መጋጠሚያዎች አንድ በአንድ ይታያሉ። በመሪ ሣጥኑ አካባቢ ሻንሲው ተሰንጥቆ ሊገኝ ስለሚችል ጭቃው ተጠርጎ ይታይ።

በሞላ ላይ በተቀመጠ አክስል ደግሞ አክስሉን ከሻንሲው ጋር በአግድም የሚይዘው ዘንግ አለ። የዚህ ዘንግ ጎማ ቦኮላዎች ካለቁ ወይም ቡሎኑ ቀዳዳውን ካሰፋው አክስሉ በሙሉ ግራና ቀኝ ይሄዳል። ከጉድጓድ በኋላ ለሚነሣ መንቀጥቀጥ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። በባሌስትራ ላይ ለተቀመጠው አክስል በዚህ ፈንታ የባሌስትራው ቦኮላዎች፣ የመካከለኛው ቡሎንና አክስሉን ከባሌስትራው ጋር ያሰሩት ቡሎኖች ይመረመራሉ።

3. የጎማ ኩሽኔታና የአንጓ ኩሽኔታ። የፊት ጎማው በክሪክ ተነሥቶ በአስተማማኝ መደገፊያ ላይ ያርፋል፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር ማንም አይገባም። ጎማው ከላይና ከታች በሁለት እጅ ተይዞ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይገፋል። የሚንቀሳቀስ ከሆነ ሌላ ሰው የእግር ፍሬኑን እንዲረግጥ ይደረጋል። ፍሬን ሲያዝ እንቅስቃሴው ከጠፋ የላላው የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ፍሬን ተይዞም ከቀጠለ የላላው ጎማው ግራና ቀኝ የሚዞርበት የአንጓው ኩሽኔታ ነው። ከዚያም ጎማው ከግራና ከቀኝ ተይዞ ይሞከራል፤ በዚህ አቅጣጫ ብቻ የሚታይ እንቅስቃሴ ብዙውን ጊዜ ከዘንጎቹ መጋጠሚያ ይመጣል።

4. የአንጓው ጥብቀት። በወጥ አክስል መኪኖች ላይ ከሁሉም ይልቅ የሚዘለለው ይህ ነው። የአንጓው ኩሽኔታዎች ጎማው ግራና ቀኝ ሲዞር ትንሽ ልከኛ እምቢታ እንዲኖራቸው ሆነው ይገጠማሉ። ያ እምቢታ ውዝዋዜውን በመጀመሪያው ምልልስ የሚያደክመው ኃይል ነው። ኩሽኔታዎቹ ሲበሉ እምቢታው ይጠፋል፤ በእጅ ሲነቀነቅ የሚታይ መላላት ሳይኖር እንኳ መንቀጥቀጡ ሊነሣ ይችላል። መለኪያው ቀላል ነው። የዘንጉ ጫፍ ከአንጓው ይፈታል፤ በአንጓው ክንድ ላይ የሚንጠለጠል ሚዛን ታስሮ ይጎተታል፤ አንጓው መንቀሳቀስ ሲጀምር ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር በጥገና መመሪያው ከተጻፈው ጋር ይመዛዘናል። ካነሰ ኩሽኔታዎቹ ይቀየራሉ፤ ወይም ገና ደህና ከሆኑ ከክዳኑ ሥር ያሉት ስስ የብረት ልባጦች በመመሪያው መሠረት ይቀነሳሉ።

አንጓው በተከፈተ ጊዜ ግሪሱ ይታይ። ከዲፈረንሻል በኩል ያለው የዘይት መከላከያ ካለቀ ዘይቱ ወደ አንጓው ገብቶ ግሪሱን ያቀጥነዋል፤ ወንዝ ደጋግሞ የሚሻገር መኪና ደግሞ ውኃ ያስገባል። በሁለቱም ምክንያት ኩሽኔታው ከዕድሜው በፊት ያልቃል። ኩሽኔታ ብቻ ቀይሮ መከላከያውን መተው ያንኑ ሥራ ከጥቂት ወራት በኋላ መድገም ነው።

5. የጎማዎቹ አቀማመጥ። ከላይ ያሉት ሁሉ ሳይጠብቁ የጎማ አቀማመጥ ማስለካት ገንዘብ መጣል ነው፤ በላላ መጋጠሚያ ላይ የተወሰደ ልክ በማግስቱ ይለወጣልና። ከጠበቁ በኋላ ግን መለካት አለበት። ወደ ከተማ መሄድ እስኪቻል ድረስ በመስክ ላይ ሁለቱ የፊት ጎማዎች በፊት በኩልና በኋላ በኩል ያላቸው ርቀት በጎማው መካከል ከፍታ ላይ በሜትር ተለክቶ በመመሪያው ካለው ልዩነት ጋር ሊተያይ ይችላል። መኪናው ከፍ እንዲል ሞላ ወይም ባሌስትራ የተቀየረለት፣ ወይም ከተወሰነለት የሰፋ ጎማ የተገጠመለት ከሆነ የአንጓው ዘንበል ተዛብቶ ሊሆን ስለሚችል ይህ ለመካኒኩ በጽሑፍ ይነገረው።

የመሪ ሾክ አብዞርበር ስለሚሰጠው የተሳሳተ ተስፋ

በብዙ ጋራዦች ሾፌሩ ስለ መሪ መንቀጥቀጥ ሲናገር የሚሰጠው የመጀመሪያ መልስ በአግድም የተገጠመውን የመሪ ሾክ አብዞርበር መቀየር ነው። ሥራው አጭር ነው፤ ውጤቱም ወዲያው ይታያል። አዲሱ ሾክ አብዞርበር የውዝዋዜውን ጉልበት ስለሚውጥ መሪው ለሳምንታት ወይም ለወራት ጸጥ ይላል። ኃላፊው ሒሳቡን ይፈርማል፤ ሾፌሩም ያመሰግናል።

ይሁን እንጂ የመሪ ሾክ አብዞርበር የተሠራው የድንጋይን ምት ለማለዘብ እንጂ የላላ መጋጠሚያን ተክቶ እንዲሠራ አይደለም። ጤነኛ የፊት አክስል ያለ እርሱም በአስፋልት ላይ ሳይንቀጠቀጥ መሄድ ይገባዋል። የላላው ዘንግ ጫፍ ከአዲሱ ሾክ አብዞርበር ጀርባ ተደብቆ መበላቱን ይቀጥላል፤ ቀድሞ በመንቀጥቀጥ ይሰጥ የነበረውን ማስጠንቀቂያ ግን አይሰጥም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። የዘንጉ ጫፍ አንድ ቀን ከመቀመጫው ቢወጣ መሪው ከጎማው ጋር ያለው ግንኙነት ይቋረጣል። ስለሆነም ዘይት ያፈሰሰ ወይም እምቢታ ያጣ ሾክ አብዞርበር በእርግጥ ይቀየራል፤ የሚቀየረው ግን በመጨረሻ፣ ሌላው ሁሉ ተመርምሮ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ ሌላ ስሕተት ብዙ ዕቃ በአንድ ጊዜ መቀየር ነው። አምስት ነገር በአንድ ቀን ተቀይሮ መንቀጥቀጡ ቢጠፋ የትኛው ጥፋተኛ እንደነበረ አይታወቅም፤ ባይጠፋ ደግሞ በጀቱ አልቋል። አንድ ነገር ይስተካከል፤ መኪናው በዚያው መንገድ ላይ ይሞከር፤ ውጤቱ በመኪናው መዝገብ ላይ ይጻፍ። ይህ የሚቀርበት አንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ይኸውም በምርመራው ላይ ለሕይወት የሚያሰጉ ሁለትና ሦስት ጉድለቶች ከተገኙ ሁሉም መኪናው ከመነሣቱ በፊት ይሠራሉ።

የኃላፊዎች ድርሻ

ወደ መጀመሪያው ምሳሌ እንመለስ። «ቀስ እያልክ ንዳው» የሚለው ትእዛዝ በከፊል እውነት አለው፤ መንቀጥቀጡ ከተወሰነ ፍጥነት በታች ላይነሣ ይችላልና። ነገር ግን ትእዛዙ ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛ፣ መንቀጥቀጡ ባይነሣም የላላው መጋጠሚያ በየጉድጓዱ መበላቱን አያቆምም፤ ለመውጣትም የተለየ ፍጥነት አይጠብቅም። ሁለተኛ፣ ቁልቁለት፣ ጭነትና መሸት ተባብረው ሾፌሩን ሳያስበው ወደዚያ ፍጥነት ያደርሱታል። ስለሆነም ትክክለኛው መልስ «ዛሬ ማታ እንየው» የሚል ነው። ከላይ የተዘረዘሩት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ምርመራዎች ለሁለት ሰዎች የአንድ ማታ ሥራ ናቸው። ከዚያ በኋላ የሚሰጠው ውሳኔ በእውቀት ላይ የተመሠረተ ይሆናል። ጥፋቱ የተጋገረ ጭቃ ወይም የነፋስ ማነስ ከሆነ መኪናው በማግስቱ ይነሣል፤ ዕደላውም አይስተጓጎልም። ጥፋቱ የዘንግ ጫፍ፣ የኩሽኔታ ወይም የተሰነጠቀ ሻንሲ ከሆነ ግን መኪናው ይቆማል፤ ሦስቱ ቀኖች በሌላ መኪና፣ በተውሶ ወይም ጊዜውን በማሸጋሸግ ይሸፈናሉ።

ይህ እንዲሆን ከኃላፊዎች አራት ነገር ይጠበቃል።

አንደኛ፣ ሾፌሩ ጉድለት በመናገሩ የማይጎዳበት ሥርዓት መኖር አለበት። መኪና ሲቆም የሾፌሩ የመስክ አበል የሚቋረጥ ከሆነ ሾፌሩ ዝም ማለትን ይማራል። ዝም ያለ ሾፌር ደግሞ ከላላ መጋጠሚያ የበለጠ አደጋ ነው።

ሁለተኛ፣ መኪናን የማቆም ሥልጣን ለማን እንደሆነ አስቀድሞ በጽሑፍ መወሰን አለበት። ተረጂው በር ላይ ተሰልፎ ሳለ «ይህ መኪና አይነሣም» ለማለት የሚያስችል ድፍረት ከግለሰብ ጠባይ ሳይሆን ከተሰጠ ሥልጣን መምጣት ይገባዋል።

ሦስተኛ፣ በየመስክ ጣቢያው ጥቂት መሣሪያና መለዋወጫ መገኘት አለበት። የጎማ ነፋስ መለኪያ፣ ደህና ክሪክና መደገፊያ፣ የሚንጠለጠል ሚዛን፣ ግሪስ፣ ለጣቢያው መኪኖች የሚስማሙ የዘንግ ጫፎች፣ የፊት ኩሽኔታዎችና የዘይት መከላከያዎች፣ እንዲሁም የመኪናው የጥገና መመሪያ በቂ ናቸው። አንዲት የዘንግ ጫፍ ከዋና ከተማ እስክትመጣ ድረስ የሚባክነው ጊዜ ዕቃዋን አስቀድሞ ከመግዛት ይበልጥ ያስወጣል።

አራተኛ፣ የመኪናው መዝገብ የኪሎ ሜትርና የነዳጅ መቁጠሪያ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። የሾፌሩ ቃል፣ የተደረገው ምርመራና የተቀየረው ዕቃ በተራ ይጻፍበት። ሾፌር ሲለወጥ የመኪናው ታሪክ አብሮት መሄድ የለበትም።

ማጠቃለያ

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። በድርቅ ጊዜ ሁሉም ይሮጣል፤ መሮጡም ግዴታ ነው፤ የተራበ ሰው ቀጠሮ አይሰጥምና። ይሁን እንጂ የሚሮጠው መኪና በጥድፊያ የታጠቀ ከሆነ የሚፈታው በመንገድ ላይ፣ ሰው ጭኖ ሳለ ነው።

ጉድጓድ ከነካ በኋላ የሚንቀጠቀጥ መሪ አስቀድሞ የሚናገር ጉድለት ነው። ብዙ የመኪና ጉድለቶች ያለ ማስጠንቀቂያ ይመጣሉ፤ ይህኛው ግን ሾፌሩን በእጁ ይዞ ይነግረዋል፤ ሾፌሩም ለኃላፊው ይነግራል። ከዚያ በኋላ ያለው ኃላፊነት ነገሩን የሰማው ሰው ነው። በሚቀጥለው ማታ አንድ ሾፌር ቁልፉን ሲያስረክብ ስለ መሪው አንድ ቃል ቢጨምር፣ የቀን መቁጠሪያው ከመታየቱ በፊት ክሪኩና የእጅ ባትሪው ይፈለጉ።